አስር ሽልንግ በቀን
(በኮሚኒቲያችን የ25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ የመሃል ከተማ ነጋዴዎችን በመወከል የቀረበ ንግግር)





የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «የመሃል ከተማ ነጋዴዎችም አንድ ነገር በሉ» ብሎ ሲጠይቀን፣ ማን ይናገር የሚለው ብቻ አንድ ሳምንት አከራክሮናል። እኛ ከቶም ምቦያ ጎዳና እስከ ሪቨር ሮድ ተበትነን በርበሬና ሽሮ፣ ቡናና ጀበና፣ ነጠላና የስልክ ቀፎ የምንሸጥ ሰዎች ነን። ትምህርታችንም ቢበዛ አስራ ሁለተኛ ክፍል ነው። የተሰጠን ርእስ ደግሞ «ድህነትንና በሽታን ለመዋጋት ሕዝብን ማስተባበር» ይላል። መጀመሪያ ስናየው ለጊጊሪዎቹ፣ ለተባበሩት መንግሥታት ሠራተኞች የታሰበ ተሳስቶ እኛ ዘንድ የመጣ መስሎን ነበር። ነገር ግን ነገሩ ከብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት መሰብሰብ ከሆነ፣ እሱማ የዘወትር ሥራችን ነው። ስለዚህ በምናውቀው በኩል እንናገራለን። ዓመተ ምሕረቶቹን የምንጠራው እዚህ በለመድነው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

አንድ ነገር ሳንሸፋፍን እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወንድማችን አረፈ። ስሙን አንጠራም፤ ታሪኩም የእሱ ብቻ አይደለም። ስኳርና ደም ግፊት ነበረበት። ወደ ሱቃችን ሲመጣ ይስቃል፣ ቡና ይጠጣል፣ የአገር ቤት ወሬ ይጠይቃል። መድኃኒቱን በየወሩ መግዛት እያቃተው ግማሽ ፍሬ ሲውጥ፣ አንዳንዴም ቀን ሲዘል እንደ ኖረ የሰማነው ኋላ ነው። ይሉኝታ ይዞት ለማንም አልተናገረም። እኛም አልጠየቅነውም።

ሲሞት ግን ስልካችን ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ አደረ። በሦስት ቀን ውስጥ አስከሬኑን አገር ቤት የሚያደርስ፣ አልፎም የሚተርፍ ገንዘብ ተሰበሰበ። ከሞምባሳም ከናኩሩም በኤምፔሳ የላኩ አሉ። ሳጥኑ ተገዛ፣ ወረቀቱ አለቀ፣ አብሮት ለሚሄደው ሰው ቲኬት ተቆረጠ። እውነቱን ለመናገር፣ ባደረግነው ኮርተን ነበር። በአራተኛው ቀን ባለቤቱን ልንጠይቅ ስንሄድ ከኮቱ ኪስ ያገኘችውን ወረቀት አሳየችን። አራት ጊዜ የታጠፈ የሐኪም ማዘዣ ነው። መድኃኒቱ አልተገዛም። የወር ዋጋው ከጎኑ በእርሳስ ተጽፏል። ለሳጥኑ አበባ ያወጣነው ከዚያ ይበልጥ ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ይህን ስንል እድራችንን ለመንቀፍ አይደለም። እድር ባይኖር በሰው አገር ማን ያነሳን ነበር? የምንለው እድር ከሞት በፊትም መድረስ ይችላል ነው፤ ይህንንም አዲስ አበባ ላይ አይተናል። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኤች አይ ቪ ኤድስ ከተማውን ሲያጠቃ፣ አንዱ ድንኳን ሳይነቀል ሌላው የሚተከልበት ሰፈር ነበር። የእድሩ ገንዘብ ለቀብር ብቻ እየወጣ ሣጥኑ ባዶ ሊቀር ሆነ። ያን ጊዜ አያሌ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ለሞተው ብቻ ሳይሆን ለታመመውም እንዲሆን አደረጉት። አባሎቻቸው ማስታመም ተምረው፣ አልጋ ላይ የወደቀው ቤት ገብተው አጠቡ፣ አበሉ፤ ወላጅ ለሞቱባቸው ልጆች የደብተርና የልብስ አወጡ። ገንዘቡ ትንሽ ነበር። ትልቁ ነገር ሌላ ነው፤ ሰው በሽታውን ለመናገር በሚፈራበት ዘመን፣ የእድር ዳኛ የታማሚው ቤት ገብቶ ከተቀመጠ ጎረቤቱም ተከትሎ ይገባል። በጃንዋሪ 2005 በኢትዮጵያ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ ሰውን ከተደበቀበት አውጥቶ ወደ ጤና ጣቢያ ለመውሰድ በሩ ተከፍቶ የጠበቀው እንዲህ ባሉ ሰፈሮች ነው።

አሁን ስለ ገንዘቡ። ታላላቆቻችን ስለ አቶ ካርል ታውቃላችሁ፤ ለልጆቻችን ግን እንንገራቸው። ካርልሄይንዝ በኧም የኦስትሪያ የፊልም ተዋናይ ነበር። ፊልም ላይ ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ሲሠራ አውሮፓ በሙሉ ያውቀዋል። በሜይ 16 ቀን 1981 በአንድ የጀርመን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ቀረበና ከተመልካቹ ጋር ውርርድ ገጠመ። ውርርዱ፣ ይህን ፕሮግራም ከሚያዩት ሰዎች ሢሶው እንኳ በአፍሪካ ለተቸገሩት አንድ አንድ ማርክ አያወጣም የሚል ነው። ለስዊሶቹ አንድ ፍራንክ፣ ለኦስትሪያዎቹ ሰባት ሽልንግ ብሎ ነበር። (የነሱም ገንዘብ ያኔ ሽልንግ ይባል ነበር።) ውርርዱን ራሱ አሸነፈ፤ ሢሶው አልሰጠም። እንዲያም ሆኖ ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ተሰበሰበ። በዚያው ዓመት ገንዘቡን ይዞ ኢትዮጵያ ገባ፤ ባቢሌ መጠለያ የነበሩ ተፈናቃዮችን በኤረር ሸለቆ አሰፈረ፤ በኖቬምበር 1981 ደግሞ «ሰዎች ለሰዎች» የሚባለውን ድርጅት አቋቋመ። ከዚያ በኋላ እስከ እርጅናው ሥራው ይኸው ሆነ። መቱ ላይ ሆስፒታሉ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ሐረር ላይ የቴክኒክ ኮሌጅ አለ። አቶ ካርል በሜይ 2014 አረፉ።

እኛ ነጋዴዎች ይህን ታሪክ የምንወደው በውርርዱ ምክንያት ነው። ሰውየው ለሰው የተናገረው «ሀብታም ሁን» አይደለም፣ «ደግ ሁን» ብሎም አልሰበከም፤ አንድ ማርክ አለ፣ ዋጋውን ቆርጦ ነገረው። ደንበኛ ዋጋ ካልተነገረው ዙሪያውን ያያል እንጂ ኪሱ አይገባም። እዚህ ኮሚኒቲያችን ውስጥ ስንት ጊዜ «የቻላችሁትን እርዱ» ተባልን? የቻላችሁትን ሲባል ሰው ሌላው ምን ያህል እንዳወጣ ይጠብቃል፣ ያለው ያፍራል፣ የሌለው ይሸሻል።

በዚህችው አገር ያየነውም ይህንኑ ነው። በ2011 ድርቁ ቱርካናንና ሰሜን ምሥራቅ ኬንያን፣ የኛንም ደቡብና ምሥራቅ፣ ሶማሊያንም ሲመታ፣ በጁላይ መጨረሻ «ኬንያውያን ለኬንያ» የሚል ዘመቻ ተጀመረ። ቀይ መስቀል፣ ሳፋሪኮም፣ ኬሲቢ ባንክና የመገናኛ ብዙኃን ባለቤቶች ሆነው በአንድ ወር 500 ሚሊዮን ሽልንግ እንሰበስባለን አሉ። ወሩ ሳይሞላ ግቡን አለፉት። እኛ ያኔ ሱቃችን በር ላይ ቆመን ነው ያየነው፤ ጫማ የሚጠርገው፣ ጋሪ የሚገፋው፣ የማታቱው ረዳት ሳይቀር ስልኩን እያወጣ ይልክ ነበር። ኤምፔሳ ከተጀመረ ገና አራት ዓመቱ ነው። ሃራምቤ ማለት ለባለሥልጣን ድግስ ፖስታ ማቀበል ብቻ መስሎን ለነበርን ሰዎች ትምህርት ሆነን።

ከውጭ የሚመጣውን እርዳታ አናናንቅም። ድምፅ ማሰማትም ዋጋ አለው። በጁላይ 2005 በለንደን ሃይድ ፓርክና በሌሎች ከተሞች ያን ሁሉ ሕዝብ የሰበሰበው ላይቭ ኤይት በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ያያችሁ ታስታውሳላችሁ፤ በ77ቱ ረሃብ ጊዜ ትሞታለች ተብላ በካሜራ የተቀረፀችው የትግራይ ልጅ ብርሃን ወልዱ አድጋ መድረኩ ላይ ቆማ ነበር። በዚያው ሰሞን ሀብታሞቹ መንግሥታት የደሃ አገሮችን ዕዳ ለመሰረዝ ተስማሙ፤ ኢትዮጵያም ከተሰረዘላቸው አንዷ ሆነች። ሕዝብ ጮኾ ያመጣው ነገር ነው። የሰው እጅ ግን የሰው ነው። በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን አገደ፣ በጁላይ ዩኤስኤአይዲ ራሱ ተዘጋ። እዚህም አገር ቤትም በዚያ ገንዘብ ይቀጠሩ የነበሩ ነርሶችና ማኅበራዊ ሠራተኞች ቤታቸው ገቡ። ከነሱ መካከል የኛ ደንበኞች አሉ፤ በዱቤ መዝገባችን ላይ ስማቸውን ስንጽፍ እነሱም እኛም ዝም አልን።

ወደ ራሳችን እንመለስ። በኬንያ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ የድሮው ኤን ኤች አይ ኤፍ ቀርቶ ሻ በምንለው የማኅበራዊ ጤና መድን ተተክቷል። ደመወዝተኛው ከደመወዙ 2.75 በመቶ ይቆረጥበታል። እንደኛ በግሉ የሚሠራው ደግሞ እንደ ገቢው ተሰልቶ፣ ከሁሉ ዝቅ ያለው ቤተሰብ በወር 300 ሽልንግ ይደርስበታል። አንድ የቤተሰብ ኃላፊ ከተመዘገበ ባለቤቱና ልጆቹ ይካተታሉ። ከአንድ ዓመት በላይ እዚህ የኖረ የውጭ ዜጋም ሊመዘገብ ይችላል። 300 ሽልንግ ለብዙዎቻችን ከባድ አይደለም። የከበደው የዓመቱን 3,600 በአንድ ጊዜ ቁጭ ማድረጉ ነው።

ይህን ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ናይሮቢ የካዶጎ ከተማ ናት። ዘይት በሊትር የሚገዛ ሰው ስንቱ ነው? በጭልፋ ነው የሚገዛው። ስኳር በሩብ ኪሎ፣ ሻይ ቅጠል በትንሽ ፌስታል። ደንበኛው ገንዘብ ስለሌለው አይደለም፤ ገንዘቡ እለት እለት ስለሚገባ እንጂ። አገር ቤትም የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2011 በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲጀመር፣ በአማራ ክልል በፎገራ፣ በደቡብ አቸፈርና በተሁለደሬ ነበር፣ ይህንኑ አስበውበታል። አባሉ በዓመት አንዴ ይከፍላል፣ ገንዘቡ በወረዳ ይጠራቀማል፣ የደሃ ደሃ ለሆነው ደግሞ መንግሥት ይከፍልለታል። ዛሬ በመቶዎች በሚቆጠሩ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። ለገበሬው በዓመት አንዴ መክፈል ይሆንለታል፤ አዝመራው ገብቶ እህሉን ሲሸጥ እጁ ላይ ብር አለና። ጉሊት ለምትሸጥ፣ ፀጉር ለምትሠራ፣ ኢስትሊ ሻይ ለምታፈላ እህታችን ግን አዝመራ የላትም። የሷ አዝመራ ዛሬ ማታ ነው።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንድ ቤተሰብ በቀን አስር ሽልንግ ያስቀምጥ። በአስር ሽልንግ ዛሬ አንድ ማንዳዚ ቢገኝ ነው። በዓመት 3,650 ይሆናል፤ የመድኑ ተከፍሎ ሃምሳ ሽልንግ ይተርፋል። (ሃምሳዋን ለደብተርና ለእስክሪብቶ ብለናል።) ኮሚኒቲው የዓመቱን ክፍያ አስቀድሞ ለሻ ይከፍልለታል፣ ቤተሰቡ በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ ለኮሚኒቲው ይመልሳል። የሚችል ደግሞ ሃያ ያስቀምጥ፤ አስሩ ለራሱ፣ አስሩ ለማይችል አንድ ቤተሰብ። ከዚህ የበለጠ መስጠት የሚፈልግ ይስጥ፣ ዋጋው ግን አስርና ሃያ ነው። የመኖሪያ ወረቀቱ ያልተስተካከለለት ወገናችን መዝገቡ ውስጥ ላይገባ ይችላል፤ መድንም ቢሆን ሁሉን አይሸፍንም። ለነዚህ ለየት ያለች የመድኃኒት መግዣ ሣጥን ያስፈልጋል።

ለዚህች ሣጥን መነሻ ከየት ይምጣ? ከዚህ በዓል ወጪ የሚተርፈው ገንዘብ ለአዲስ ድንኳንና ወንበር ይዋል የሚል ሐሳብ እንዳለ ሰምተናል። ድንኳኑ እንዳረጀ እናውቃለን፤ ባለፈው ክረምት ዝናብ ሲያስገባ ከሥሩ ነበርን። ቢሆንም ግማሹ ለመድኃኒት ሣጥኑ ይሁን ብለን በዚህ መድረክ ላይ በይፋ እንጠይቃለን። ድንኳኑ አንድ ዓመት ይጠገን።

አሁን «ገንዘቡን ማን ይይዘዋል?» የሚለውን ጥያቄ ከፊታችሁ ላይ እያነበብን ነው። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ከዓመታት በፊት ለታመሙ መርጃ ተብሎ ከሁላችንም ገንዘብ ተሰብስቦ ነበር። ኋላ ሒሳቡ ሲጠየቅ አንዱ ወደ ሌላው እየጠቆመ ነገሩ ቀረ። ተበላ ለማለት ማስረጃ የለንም፤ አልተበላም ለማለት ደግሞ ደብተር የለንም። ከዚያ ወዲህ ሰው ለቀብር እንጂ ለሌላ አያወጣም፤ ለምን ቢሉ ቀብር ላይ ሳጥኑን በዓይኑ ያየዋል። እኛ አንፈርድበትም። ስለዚህ ገቢና ወጪው በየወሩ መጨረሻ በወረቀት ታትሞ በሁሉም ሱቆቻችን ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ገንዘቡ በአንድ ሰው ስልክ ሳይሆን በማኅበሩ ቁጥር ይግባ፤ ለማውጣት ሦስት ሰው ይፈርም፤ ከሦስቱ አንዷ ሴት ትሁን፣ አንዱም ከኮሚቴው ውጪ ይሁን። የታማሚው ስም ግን አይለጠፍም። የተገዛው መድኃኒትና ዋጋው ብቻ።

አንድ ነገር ቀርቶናል። ገንዘብ ብቻውን ያን ወንድማችንን አያድነውም ነበር፤ አልተናገረማ። እዚህ ላይ ይህች ከተማ አንድ ታሪክ አላት። ፈንጣጣ ከምድረ ገጽ ሲጠፋ የመጨረሻው ምሽግ የኛው የአፍሪካ ቀንድ ነበር። በኢትዮጵያ ዘመቻው በጃንዋሪ 1971 ሲጀመር ሠራተኞቹ ለዚያ ሰፊ አገር እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ ግማሹን መንገድ በእግርና በበቅሎ ነው የሄዱት። እያንዳንዱን ቤት ሊያዳርሱ አይችሉም። ታዲያ ምን አደረጉ? ፈንጣጣ የያዘው ሕፃን ፎቶግራፍ ይዘው ገበያና ትምህርት ቤት እየገቡ «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» እያሉ ጠየቁ። ለጠቆመም ወሮታ ይከፈል ነበር። ተማሪው፣ ነጋዴው፣ እረኛው ጠቋሚ ሆነ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው በሽተኛ በ1976 በኦጋዴን ተገኘ። በዓለም ላይ የመጨረሻው በተፈጥሮ የተያዘ ሰው ደግሞ በኦክቶበር 1977 የሶማሊያ መርካ ከተማ የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ የነበረው አሊ ማው ማሊን ነው። ሆስፒታል እየሠራ ክትባቱን ፈርቶ ሸሽቶ ነበር። ዳነ። ኋላ በስተርጅና የፖሊዮ ክትባት ዘመቻ ውስጥ ገብቶ፣ እኔ የደረሰብኝ በልጆቻችሁ አይድረስ እያለ እናቶችን ሲያግባባ ኖረ፤ በ2013 በዚያው ሥራ ላይ እያለ ወባ ገደለው። የአፍሪካ ቀንድ ከፈንጣጣ ነፃ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ያስታወቀው በኦክቶበር 26 ቀን 1979 ነው፤ ያስታወቀውም እዚሁ ናይሮቢ ላይ ነው።

ስለዚህ ከገንዘቡ ሌላ ሰዎች እንፈልጋለን። በየሰፈሩ፣ በኢስትሊም፣ በሃርሊንግሃምም፣ በኪሊማኒም፣ በሳውዝ ቢም ሁለት ሁለት ጠያቂዎች ይኑሩ። ሥራቸው ቤት ለቤት ቡና መጠጣት ነው። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ «አለህ ወይ?» ብቻ ሳይሆን «መድኃኒትህ አለህ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ቆፍጣና እናቶች ለዚህ ከኛ ይሻላሉ፤ እነሱን ዋሽቶ የሚያመልጥ የለም። እኛም በበኩላችን ሱቃችን ገብቶ ቡና ሲጠጣ ፊቱ የገረጣውን፣ ዱቤው የበዛበትን እናያለን። ያን ወንድማችንን አይተነው ነበር፤ ዱቤውን መዝግበን ሸኘነው።

የመሃል ከተማ ነጋዴዎች ሠላሳ ስድስት ሆነን ተፈራርመናል። እያንዳንዳችን ሃያ ሃያ ሽልንግ በቀን፤ ይኸውም ከራሳችን ሌላ ለሠላሳ ስድስት ቤተሰብ ማለት ነው። የመጀመሪያው ወር ተሰብስቧል፤ ሒሳቡ ከነገ ጀምሮ ሱቃችን ግድግዳ ላይ ነው።

የምዝገባው ደብተር በሩ አጠገብ ቡና የሚፈላበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ልጆችም መመዝገብ ትችላላችሁ፤ እናንተ አስር ሽልንግ ሳይሆን በስልክ ሒሳቡን የሚይዝ ሰው ነው የምታዋጡልን፤ የኛ ዓይን ደክሟል። ማዘዣውን ያሳየችን እህታችን ከሁላችን ቀድማ ነበር የመጣችው። ስንተኛው መስመር ላይ እንደ ጻፈች አንናገርም።